ኮርቻ ሠሪውን የመከረው ጫኝ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ጫኝ ነበር።

ቆይ ሐረገወይን፣ አትቸኩይ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ባንኩን ለቅቄ ሥራ ለሚቀይሩ ሰዎች አማካሪ ልሆን ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ከሰው ኃይል ቢሮ ወጥቼ የማላውቅ ሴትዮ፣ ራሴ ያልሠራሁትን ሥራ ለሰው እንዴት አድርጌ እመክራለሁ?» ነው ያልሽኝ። ነገ ጠዋት ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ይመጣብሻል። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀመ ሲደረድር ኖሮ ማሽን የተካው ሰውዬ። ፈርተሻል። መፍራትሽ ደግ ነው። አሁን ግን ዝም ብለሽ ስሚኝ። ክፍል ውስጥ ሳስተምርሽም ወሬ ስታቋርጪ ደሜን ታፈይው ነበር።

አንድ ጫኝ ነበረ አልኩሽ። መኪና ከመምጣቱ በፊት ነጋዴው ጨዉንም፣ ማሩንም፣ ቡናውንም የሚያስጉዘው በበቅሎ ነበር። በቅሎዎቹን የሚጭን፣ የሚያራግፍ፣ በየማደሪያ ሰፈሩ ውሃ የሚያጠጣና የሚያሳድር ሰው ጫኝ ይባላል። ይሄኛው ደግሞ የጫኞቹ አለቃ ነበር። ሰዉም «አለቃ» እያለ ነው የሚጠራው። አንዲትን በቅሎ አንዴ ከላይ እስከ ታች ያያትና «ይቺ በግራ ይህን፣ በቀኝ ይህን ትችላለች» ይላል። አይሳሳትም። ሃያ ዓመት ሲጭን አንድም በቅሎ ገደል ገብታበት አታውቅም። ይሄንንም እሱ ራሱ ያውቃል፤ ሰውም እንዲያውቅለት ይወዳል። እንግዲህ ሰው ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ!

ከዕለታት አንድ ቀን መንገድ ተጠረገና የጭነት መኪና መጣ። ነጋዴው በቅሎውን ሸጠ። ጫኙ ሁሉ እንደ ፈሰሰ እህል ተበተነ። ገሚሱ ወደ እርሻው ተመለሰ፣ ገሚሱ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ቀረ። አለቃ ግን ብዙም አልተንገላታ። መኪኖቹ ጭነታቸው ሲዛነፍ መታጠፊያ ላይ እየወደቁ አስቸገሩ። ባለመኪኖቹም ያንን አስተዋይ ዓይኑን አስታወሱና ወስደው መኪና አስጫኝ አደረጉት። ትናንት በቅሎ፣ ዛሬ መኪና። ለእሱ ነገሩ በቃ ይሄው ነበር።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የራሱ ስለቀለለት የሰው ሁሉ የሚቀል መሰለው።

ሥራ የጠፋበት ሰው ወደ እሱ መምጣት ጀመረ። «አለቃ፣ አንተ እንዴት አደረግኸው? እኔስ ምን ልሁን?» ይሉታል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ይመልስላቸዋል። አንዱን «ወፍጮ ቤት ግባ» አለው፤ ገባ፤ ቀናው። ሌላውን «ጠጅ መጣል የምታውቅ ሚስት አለችህ፣ አንተ ምን ትፈልጋለህ?» አለው፤ ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ጠጅ ቤት ከፈተ፤ እሱም ቀናው። አለቃ በዚህ ልቡ አበጠ። ሰውን እንደ በቅሎ አንዴ አይቶ ይጭን ጀመር። መቼም ክፋት አልነበረበትም። ሰው ሲቀናው ደስታውን አይችለውም፤ ለሌላ ሰው ደስታ እንደ ልጅ የሚዘል ሽማግሌ ነበር። ይሄን ያየሁለት ሰው ስለሆነ ነው የማልረግመው።

አንድ እሑድ ኮርቻ ሠሪው መጣ።

እኔ እምልሽ፣ የዚያ አገር ሰው ስለዚህ ኮርቻ ሠሪ ሲያወራ «እሱ የሰፋው ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ቤቱ መግባቱን ይረሳል» ይል ነበር። ጣቶቹ ወፋፍራም፣ ወሬ የማይወድ፣ ሦስት ቃል ከተናገረ ያ ቀን ብዙ ያወራበት ቀን የሆነለት ሰው። ሚስትና አራት ልጆች አሉት። በቅሎ ከጠፋ ኮርቻ ማን ይገዛዋል? ሁለት ዓመት ከዛሬ ነገ ይሻላል ሲል ኖሮ ጎተራው ባዶ ሆነ።

«ኮርቻ ሠሪ ነኝ» አለ። «ሥራ ጠፋ። ምን ልሁን?»

አለቃ እጁ ላይ እፍኝ ቆሎ ነበር። ቆሎውን ሳይጨርስ መለሰለት። «አንተ ደግሞ! ይሄ ምን ያስጨንቃል? ቆዳ ቆዳ ነው። ጫማ ስፋ።»

ኮርቻ ሠሪው እጅ ነስቶ ሄደ። የቀረችውን አንዲት በቅሎ ሸጠና የጫማ መስፊያ ገዛ፤ የጫማ ቅርጽ ገዛ፤ ገበያ ዳር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራየ። እሺ፣ ከዚያስ? አንድ ጥንድ ጫማ ለመስፋት አራት ቀን ይፈጅበታል። ደንበኛውን ሦስት ጊዜ ያመላልሰዋል። «እዚህ ጋ ይጫንሃል? እዚህስ? እስቲ ተራመድ» ይለዋል። ደንበኛው ይሰለቻል፤ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጫማ ነው ያልኩህ፣ ልታገባኝ ነው እንዴ!» ይለዋል። ጎረቤቱ ያለው ጫማ ሰፊ በአራት ቀን አሥር ጥንድ ያወጣል። በዚያ ላይ ከከተማ የጎማ ጫማ መጣ። ስምንት ወር እንዲህ ታገለ። ከዚያ መስፊያውንም ሸጠ።

አንድ ሐሙስ ጋቢውን አጣፍቶ አለቃ ቤት ደረሰ። አለቃ ገና ሲያየው ደስ አለው፤ የሚያመሰግነው መሰለው።

«ልሰናበትህ ነው የመጣሁ» አለው ኮርቻ ሠሪው። «ሰኞ ቆላ እወርዳለሁ። ጥጥ ለቀማ።»

በዚያን ዘመን ቆላ መውረድ ማለት ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ወባ ነው። ባለፈው ዓመት ከዚያች ከተማ ስድስት ሰዎች ወርደው የተመለሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛውም የተመለሰው ለመሞት ነው። የኮርቻ ሠሪው ሚስት እቤት ገና በሕይወት ላለ ባሏ ታለቅሳለች። አራት ልጆች። ነገሩ ይሄው ነው እንግዲህ፤ የሰው ነፍስ ነው።

አለቃ ክው አለ። «ጫማውስ?» አለው።

ኮርቻ ሠሪው አንገቱን ደፋ። «ምክርህስ ጥሩ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ያልሆንኩት።»

ይቺን ቃል ልብ በያት ሐረግ። አለቃ እኮ ቢሰደብ ይሻለው ነበር። «አንተ ነህ ገደል የከተትከኝ» ቢለው ይመልስለት፣ ይከራከረው ነበር። ሰውዬው ግን ያልተመዘነ ምክር ተጭኖ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ ጥፋቱን ራሱ ላይ አድርጎ፣ ጭራሽ ምክሩን አመስግኖ ሊሰናበት መጣ። አንጀት ይበላል። ለእኔ እንኳ ይሄን ያህል ዘመን ቆይቶ ሳወራው ይከነክነኛል።

እኔ ያንን ጫኝ የምወደው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ባደረገው ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ «ጫማ ካልሆነ ቀበቶ ሞክር» ይል ነበር። ወይ ደግሞ ያቺን «ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የምትባለዋን ተረት ያመጣ ነበር። ያቺን ተረት ያወጣት ሰው መቼም መካሪ እንጂ ተመካሪ አልነበረም! ይሄ ሰውዬ ሰምቶ፣ እሺ ብሎ፣ ሠርቶ ነው የወደቀው።

አለቃ አንድ የሚያውቀው ነገር ነበር። በቅሎ መንገድ ላይ ስትተኛ መጥፎ ጫኝ ጅራፍ ያነሳል። ጥሩ ጫኝ ግን ጭነቱን ያራግፍና ከኮርቻው ሥር ያለውን ድብዳብ ገልጦ ጀርባዋን በእጁ ይዳብሳል። ይሄንን ለበቅሎ ሃያ ዓመት ሲያደርግ ኖሯል። ለሰው ግን አላደረገም።

ተነሳ። በዕድሜ ታላቅ ነው፤ በማዕረግም ቢሆን አለቃ ነው። ተነሳና ኮርቻ ሠሪው ፊት ዝቅ አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለው። «ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ሳላይ ነው የጫንኩብህ። ይቅር በለኝ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ አለቃ! እግዜር ያክብርህ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ኮርቻ ሠሪው ደንግጦ ደገፈው።

ከተቀመጡ በኋላ አለቃ ይጠይቀው ጀመር። «ኮርቻውን ተወውና ሌላ ምን ታውቃለህ?»

«ምንም። ኮርቻ ሠሪ ነኝ።»

«ምን ስትሠራ ደስ ይልሃል?»

«ኮርቻ ስሠራ።»

«ልጅ ሳለህስ ምን መሆን ታስብ ነበር?»

«አባቴ ኮርቻ ሠሪ ነበር።»

እንግዲህ ምን ታወጪበታለሽ! ሥራው የሞተበት ሰው እንዲህ ነው። ስትጠይቂው የሥራውን ስም ይነግርሻል። ሌላ ስም የለውም። ቢጨምቁት ከዚያ ሌላ የሚወጣው ነገር የለም፤ ስላልጠየቅሽው ሳይሆን እሱም ራሱ ስለማያውቀው ነው።

አለቃ «የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ታገባለች» አለው። «ሚስትህን ይዘህ ሰርጉ ላይ ተገኝልኝ። ከዚያ ሰኞ ትሄዳለህ። አልከለክልህም።»

ኮርቻ ሠሪው ለሰርግ የሚሆን ልብ አልነበረውም። ነገር ግን ታላቅ ሰው አጎንብሶ ይቅርታ ጠይቆት እንዴት እምቢ ይበል?

ለምን ሰርግ አለ መሰለሽ? በእኛ አገር ድግስ ላይ «አንተ ይሄን ሥራ» ተብሎ የሚታዘዝ ሰው የለም። ሰው ይገባና እግሩ ወደወሰደው ይሄዳል። አንዱ ማንም ሳይነግረው መጥረቢያ አንስቶ እንጨት ይፈልጣል። አንዱ ሥጋው ጋ ሄዶ ቢላ ይስላል። አንዱ ጠላ ይቀዳል፣ አንዱ እንግዳ ያስቀምጣል፣ አንዱ የሰከሩትን እያባበለ ያስወጣል። ማንም አይከፍለውም፤ ማንም አይጠይቀውም። አለቃ በጫኝነቱ ዘመን ሰው ሲቀጥር እንኳ «ምን ትችላለህ?» ብሎ አያውቅም ነበር። አንድ ሌሊት የመንገድ ማደሪያ ላይ አብሮት ያድርና ማን ወደ እሳቱ፣ ማን ወደ ከብቱ፣ ማን ወደ ወጡ እንደሚሄድ ያያል። ለተራ ጫኝ ያደረገውን ለዚህ ሰው ሳያደርግ መቅረቱ ነው አሁን የሚያንገበግበው።

ቅዳሜ ደረሰ። ዳሱ ሞላ። ኮርቻ ሠሪው ከሚስቱ ጋር መጣ፤ የሚስቱ ዓይን በለቅሶ አብጧል፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባለች። አለቃ ዳሱ መግቢያ ላይ ቁጭ ብሎ ሰውዬውን ብቻ ያያል። አይበላም፤ አይጠጣም። «አለቃ፣ ምነው? ሙሽራዋ እኮ እዚያ ናት!» እያሉ ይቀልዱበታል። ዓይኑን ግን አልነቀለም።

ኮርቻ ሠሪው መጀመሪያ ወደ ሥጋው ሄደ። አለቃ ደስ አለው። ነገር ግን አንዱ ቢላውን ተቀበለውና «አንተ እንግዳ ነህ፣ ቁጭ በል» አለው። ቁጭ አለ። እንጨቱን አላየውም። ጠላውን አላየውም። ጭፈራውን አላየውም። ጣሳውን ይዞ እንደ ምሰሶ ተተክሎ ቀረ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አለፈች። አለቃ ወገቡ ተቆረጠ። «እንግዲህ ምንም የለውም ማለት ነው። የሰው ቤት አፍርሼ ቀረሁ» ብሎ አሰበ። ማልቀስ ቃጣው።

«ከዚያስ ጋሼ?»

ይሄው! ሳታቋርጪ መቆየት አትችይም። እየመጣሁ ነው።

ከዚያ አንድ ግንበኛ ወደ ዳሱ ገባ። ይሄ ግንበኛ እግሩ ላይ መኪና ወጥቶበት ሆስፒታል ከጉልበቱ በታች ቆርጠውለታል። አንድ ጎበዝ አናጢ ከወይራ እንጨት እግር ጠርቦለት፣ በጠፍር እያሰረ ይሄዳል። ሳቂታ ሰው ነው። ሲገባ «እንኳን ደስ ያላችሁ! እንኳን ደስ ያላችሁ!» እያለ፣ አንዱን ሲስም፣ በአንዱ ሲያላግጥ ነው። ሰዉም ለምዶታል። «ና እዚህ፣ ቦታ ልቀቁለት፣ አይዞህ» ይሉታል፤ በቃ። እንጨቱ መሬት በረገጠ ቁጥር የዓይኑ ጥግ ትንሽ እንደምትጨማደድ ግን ማንም አያይም።

ኮርቻ ሠሪው አየ። ጣሳውን አስቀመጠ። ግንበኛው ሲሄድ ከኋላው ሄደ፤ እግሩን እያየ። ግንበኛው ሲቀመጥ ኮርቻ ሠሪው ያ ሁሉ ሰው እያየ ፊቱ ተንበረከከና የእንጨቱን እግር በሁለት እጁ ያዘው።

ጭፈራው ቆመ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ሰክረሃል እንዴ?» አለው ግንበኛው።

ያ ሦስት ቃል ሲናገር የሚደክመው ሰው አፉን ከፈተ። «እዚህ ጋ ነው የሚያምህ» አለ። «ፊት ለፊት፣ አጥንቱ ላይ፣ ከጉልበትህ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ። ቆስሏል። ስታወልቀው ጨርቁ ተጣብቆ አብሮ ይነሳል።»

ግንበኛው ፊቱ ተለወጠ። «ማን ነገረህ? ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳት» አለ በለሆሳስ።

«አረማመድህ። ኮርቻ የቆረጣት በቅሎ እንዲህ ነው የምትሄደው።»

«በቅሎ አልከኝ?» አለ ግንበኛው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ግንበኛውም አብሮ ሳቀ። ኮርቻ ሠሪው ግን አልሳቀም፤ መሳቃቸውንም የሰማ አይመስልም። ጠፍሩን ፈታ። ቁስሉ ሲገለጥ የሳቀው ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ግንበኛው ሦስት ዓመት በዚያ ቁስል ላይ ቆሞ ድንጋይ ሲጠርብ ኖሯል።

«አናጢው እንጨት ያውቃል፤ ሥጋ አያውቅም» አለ ኮርቻ ሠሪው። ቀና ብሎም ሚስቱን ፈለጋት። «አንቺ፣ ሩጪ። ወስፌዬን አምጪ። ያንን አሮጌ ድብዳብም አምጪ።»

ሚስቱ ሮጠች። ድብዳቡ የሚገዛው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ እሱም ተሸጦ ነበር።

ከዳሱ ጓሮ ቁጭ ብሎ ሠራ። ሰዉ ከቦ ያየዋል፤ እሱ ማንንም አያይም። ኮርቻ ሲሠራ የበቅሎዋ አከርካሪ ላይ እንዳያርፍ መሃሉን ክፍት ይተዋል። ክብደቱ ግራና ቀኝ ሥጋው ላይ ነው የሚያርፈው። የእንጨቱንም እግር እንደዚያው አደረገው። የታመመው አጥንት የሚገባበትን ቦታ በቢላ ፋቀ፤ ግራና ቀኙን ከድብዳቡ በወጣ ሱፍና ለስላሳ ቆዳ ደለደለ፤ ጠፍሩን ከነበረበት አንስቶ ወደ ጭኑ አዛወረው። እየደጋገመም «እዚህ ጋ ይጫንሃል? እዚህስ?» ይለዋል። ያቺው ገበያ ላይ ሰዉን ያሰለቸች ጥያቄ ነበረች። ግንበኛው ግን አንድ በአንድ ይመልስለታል። በሕይወቱ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለማ!

ሲጨርስ «ተነስ» አለው።

ግንበኛው ተነሳ። አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ሕመሙ እስኪመጣ እየጠበቀ ነበር። አልመጣም። ሁለተኛ ሄደ። ሦስተኛ ሄደ። ከዚያ ዳሱን ዞረው፤ አንድም ሰው ሳይደግፈው ዞረው፤ ሲመለስ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነበር። የግንበኛው ሚስት እልልታዋን ስታቀልጠው የሙሽሪት እናት «ምነው፣ የኔዋ ልጅ ናት እኮ ያገባችው!» ብላ እስክትቀየም ደረሰች።

አለቃ በሰዉ መሃል እየተጋፋ ኮርቻ ሠሪው ጋ ደረሰ። «አየህ? በቃ ይሄን ሥራ!» ማለት ፈልጎ ነበር፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ዋጣት። እኔ የማደንቀው ይሄን ነው ሐረግ። ያንን ያህል የቸኮለ ሰው ያቺን ቃል ዋጣትና እንዲህ ብቻ ብሎ ጠየቀው፦

«ሰኞ ትሄዳለህ?»

ኮርቻ ሠሪው እጁ ገና ጠፍሩ ላይ ነበር። «ሰኞ?» አለ፤ ግራ እንደ ገባው ሰው። «ሰኞማ አይሆንም። ይሄ ቆዳ ሦስት ቀን ተረግጦ ሲረግብ መታየት አለበት።»

የኮርቻ ሠሪው ሚስት ይሄን ሰማች። ወደ ፊቷ የሳበችውን ነጠላ አወረደችው።

ነገሩ እዚያ አላለቀም፤ እንዳያልቅም ያደረገው አለቃ ነው። አንድ ግንበኛ አራት ልጅ አይመግብም። ኮርቻ ሠሪው ደግሞ አፍ የለውም፤ ሐኪም ቤት ሄዶ «እኔ ይሄን እችላለሁ» ብሎ የሚናገር ሰው አይደለም። አለቃ ሁለቱንም የጭነት መኪና ላይ አሳፍሮ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ሁለት ቀን በር ላይ ቁጭ አሉ። ዘበኛው «ዛሬ አይቻልም» ሲላቸው፣ አለቃ ግንበኛውን «እስቲ ተራመድ፣ ይይህ» ይለዋል። ግንበኛው ግቢውን ይዞራል። በሁለተኛው ቀን አንድ ሐኪም በመስኮት አይቶ ራሱ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እግር የተቆረጠ ሰው ሁሉ ወደ ኮርቻ ሠሪው ይላክ ጀመር። እህሉ ከአዲሱ ሥራ እስኪመጣ ድረስም የአለቃ ጎተራ ነው ያንን ቤት የመገበው። አዋጅ አልተነገረበትም፤ እኔም የሰማሁት ከሚስቱ ነው።

ሰዉ «ኮርቻ ሠሪው ተአምር ሠራ» ይላል። ሠርቷል፤ አልክድም። እኔ ግን ሁሌም የሚገርመኝ ያ ጫኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም ሰው በጠየቀው ዕለት መልስ ሰጥቶ አያውቅም። «አለቃ፣ ምን ልሁን?» ሲሉት «ቤትህ የት ነው?» ይላል። ይሄዳል። ደቦ ላይ ያየዋል፤ ለቅሶ ላይ ያየዋል፤ ጎረቤት ምን ሲበላሽበት ይሄን ሰው እንደሚጠራ ያጣራል። አንዳንዱ «አለቃ አረጀ፤ ድሮ ቶሎ ይመክር ነበር» ብሎ ያማዋል። ይማው! ሲሞት መቃብሩ ላይ ያለቀሱትን ሰዎች ባየሽ! ጎልማሳው ሁሉ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው የመጣው። አናጢ፣ መካኒክ፣ አስተማሪ፣ አስታማሚ። አንዳቸውም ሥራውን ከእሱ አልተማሩም።

እንግዲህ ሐረግ፣ ያ ጫኝ አንቺ ነሽ። ኮርቻ ሠሪው ደግሞ ነገ ጠዋት የሚመጣብሽ ሰውዬ ነው።

«ያልሠራሁትን እንዴት እመክራለሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጫኙ ኮርቻ መስፋት ያውቅ ነበር? አያውቅም። ስለ እንጨት እግርስ? ምኑንም አያውቅም። ያንን ሰው ወደ ቆላ ሊያወርደው የነበረው አለማወቁ አልነበረም፤ ያወቀ የመሰለው ጊዜ ነው የጎዳው። አንቺም ብትሆኚ ከባንክ ወጥተሽ አዲስ ሥራ ስትጀምሪ ባልሽ ደገፈሽ፣ ወዳጆችሽ ደንበኛ ላኩልሽ፣ ቀለለሽ። ያንቺ ስለቀለለ የእሱም የሚቀል እንዳይመስልሽ። ነገ ይመጣና «ፊደል ለቃሚ ነኝ» ይልሻል። ምንም ብትጠይቂው ያንኑ ነው የሚመልስልሽ። ምናልባት ያ ሰውዬ ዕድሩ ውስጥ ስም ሲጠራ የቀረውን ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ይሆናል። ምናልባት የሰፈሩ ልጆች የፈተና ወረቀታቸውን የሚያሳርሙት እሱ ዘንድ ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ሄደሽ ነው የምታይው። ካየሽም በኋላ ደግሞ በር ላይ አብረሽው ቁጭ ትያለሽ፤ ዘበኛ እያመናጨቀሽ።

አሁን ግን እስቲ ዓይን ዓይኔን እይኝ። «የኮምፒውተር ሥልጠና ይውሰድ» ብለሽ ማስታወሻሽ ላይ ጽፈሻል አይደል?

ማስታወሻሽን ደበቅሽው። ጽፈሻል ማለት ነው። ሳቂ እንጂ፣ ምን ያሳፍራል? ስረዢውና ሂጂ።

እንዲህ ብዬ ስቆጣሽ የናቅኩሽ እንዳይመስልሽ ልጄ። ያ የምወደው ጫኝ፣ ያ ስንት ሰው ያቆመ ጫኝ፣ ያንቺን ጥያቄ ራሱን የጠየቀው አንድ ቤት ሊያፈርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። አንቺ ማንንም ሳትጎጂ፣ ገና የመጀመሪያው ሰው በርሽን ሳያንኳኳ፣ አውቶቡስ ተሳፍረሽ መጥተሽ ጠየቅሽኝ። አርባ ዓመት አስተምሬ፣ ከመምከሩ በፊት የፈራ መካሪ ያየሁት ዛሬ ነው።